ሂንድ የጻፈችባቸው በሮች

በጋሸና ከተማ፣ በሩ ላይ በዐረብኛ የተጻፈበት ሽንት ቤት የነበረን እኛ ብቻ ነን። ይህን ስናገር አላፍርም። እስከ ዛሬ ድረስ ለእረፍት ስመጣ፣ ወደ ላሊበላ መታጠፊያው ላይ ሻይ ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች «የዚያች ያበደችው የሂንድ እህት ልጅ አይደለሽም?» ይሉኛል። «ነኝ፤ ምን ነበር?» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ከኮን ገበያ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ከሞተ በኋላ፣ እናቴ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታ እኔንና ታላቅ እህቴን ነጅሚያን ታሳድገን ነበር። ታፔላችን ላይ ጨረቃና ኮከብ ተስሎበታል፤ አጠገባችን ያለው የእትዬ አልጣሽ ምግብ ቤት ታፔላ ላይ ደግሞ መስቀል አለ። ፊደል ያልቆጠረ ሾፌር እንኳ ከመኪናው ሳይወርድ የትኛው ሥጋ የእሱ እንደሆነ ያውቃል። ሽንት ቤቱን ግን ከእትዬ አልጣሽ ጋር እንጋራ ነበር። ጨረቃም መስቀልም ያልተሳለበት የጋራ ንብረታችን እሱ ብቻ ነው።

የእናቴ አባት፣ አያቴ አብዱልሀሚድ፣ የሰፈሩን ልጆች ቂርኣት፣ የቁርኣን ንባብ፣ ያስቀራሉ። እኛ ቤት የዐረብኛ ጽሑፍ መሬት ላይ ወድቆ አይታለፍም። ከጅቡቲ የሚመጡ መኪኖች የጣሉት የተምር መጠቅለያም ይሁን የሳሙና ወረቀት፣ ያገኘው ሰው ያነሳዋል፣ ይስመዋል፣ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጠዋል። ግድግዳችን ከጭቃው ይልቅ በተምርና በሳሙና ወረቀት የቆመ ይመስል ነበር። ነፋስ እንዳይገባ ነው የሚሸጎጠው ብል ኖሮ ጥፊ እቀምስ ነበር።

ሂንድ የእናቴ ታናሽ ናት። ሪያድ ስትሄድ ነፍስ ስላላወቅኩ፣ ስለ እሷ የማውቀው ብስኩቱን ብቻ ነበር። እዚያ የላካት ደላላ ሙጂብ ይባላል፤ ከወልድያ በመጣ ቁጥር አንድ ካርቶን ብስኩት ጭኔ ላይ ያስቀምጥና «ይሄ ከአክስትሽ ነው፤ ደህና ናት፤ ሰላም በሉልኝ ብላለች» ይላል። ፂሙ ሽቶ ሽቶ ይሸታል። ከወንድ ሁሉ አብልጬ እወደው ነበር።

ከሄደች ከሦስት ዓመት በኋላ ሂንድ ራሷ መጣች፤ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ። ብስኩት የለ፣ ምን የለ። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ለእናቴ ያለቻት የመጀመሪያ ነገር «ሌላ በር የለውም?» ነው።

«ለምግብ ቤት ስንት በር ያስፈልገዋል?» አለች እናቴ።

በማግስቱ ሂንድ መዶሻ ተውሳ የመኝታ ቤታችንን መቀርቀሪያ ነቀለችው። የጋሸናን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ አጥንት ይቆጥራል። እሷ ግን በሩን በድንጋይ ደግፋ ከፍታ ደፉ ላይ ትተኛለች። እናቴ ብትቆጣ፣ ብትለምን ወይ ፍንክች።

እትዬ አልጣሽ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ልክፍት ነው፤ እኔስ ዓይኗን ሳየው ነው ያወቅኩት።»

እናቴ ለአያቴ ስታንሾካሹክ ደግሞ «ሁለት ዓመት ሙሉ ቆልፈውባት» ስትል ሰማሁ። እኔ ቁልፉ አካሏ ላይ ያለ መሰለኝ። ጂን ቆልፎባታል፤ ቁልፉን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፤ በሩን የምትከፍትለትም ለዚያ ነው። ገላዋን ስትታጠብ አንገቷንና ወገቧን እያየሁ ቁልፉን ፈለግኩ። ያገኘሁት ትከሻዋ ላይ የጫማ ሶል የሚያህል ጠባሳ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሙጂብ ስለ ነጅሚያ ሊነጋገር መጣ። እህቴ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ገብታ ነበር። «የሂንድ የራሷ ዕድል ነው» አለ ሙጂብ፣ ሻዩን እየነፋ። «ሰው ሁሉ እንደ ሂንድ አይሆንም። ይቺ የምትገባበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ዲን ያላቸው ሰዎች ናቸው።»

«የእኔንም ቤት አውቀዋለሁ ብለህ ነበር» አለች ሂንድ ከደፉ ላይ። ያበደ ሰው ሲናገር የሚመለስለት ሳይሆን የሚታለፍለት ነው። ነጅሚያም ራሷ መሄድ ፈለገች፤ በወጥ ጭስ ዓይኗ መቅላቱ ሰልችቷታል። አልፈርድባትም። እኔም ዛሬ ዶሃ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት የምሠራው ጋሸና መቀመጥ ስላልፈለግኩ ነው። ክፋቱ መሄዱ ላይ አልነበረም።

ሂንድ አትሄድም ብላ ሦስት ቀን ጮኸች። በአራተኛው ቀን ዝም አለች። ከዚያ ከምድጃው ከሰል አንስታ የወጥ ቤቱ በር ላይ «መጥበኽ» ብላ በዐረብኛ ጻፈች፤ የዱቄት ማስቀመጫው ላይ ሌላ፣ የግቢው መውጫ ላይ ሌላ። «እንግዲያው ዓይኗን ገልጣ ትሂድ» አለች።

ያ ሁሉ ለእኔ ጥንቆላ ነበር። ነጅሚያን እጇን ይዛ ከበር በር ታዞራታለች። «ጠፋሽ እንበል። ከተማው ውስጥ ነሽ፣ ማንንም አታውቂም። ፖሊስ የቱ ነው?» ነጅሚያ ትጠቁማለች። «ሐኪም ቤትስ? አይደለም! እሱ ወንዶች የሚገቡበት ነው፤ ድጋሚ!» አንዳንድ ቀን መንታ መንገዱ ላይ ወስዳ ታቆማታለች። ላሊበላ የሚሄዱ ፈረንጆች መኪናቸውን አቁመው ታፔላውን ያያሉ፤ ጣታቸውን ወደ ሰሜን ይቀስራሉ፤ ይሄዳሉ። «እያቸው» ትላለች ሂንድ። «አገሩን አያውቁት፣ ቋንቋውን አያውቁት፤ ግን አንድ ሰው እጃቸውን ይዞ አይጎትታቸውም። አንቺም እንደዚያ ነው የምትሄጂው።»

ያለ ጠብ እናልፈው ነበር፤ ሽንት ቤቱ ባይነካ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ አልጣሽ የሽንት ቤቱን በር ይዘው ጮኹ። እባብ ያዩ መስሎን ሮጥን። በሩ ላይ በከሰል፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ «ሐማም» ተብሎ ተጽፏል።

«እኔ የእናንተን ነገር ባላውቅም» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «እኛ የግዕዙን እዚህ ብንጽፍ ቄሱ ዕድሜ ልክ ይገዝቱናል። የአባቷን ፊደል! እዚህ!» ከአያቴ በላይ የተቆጡት እሳቸው ናቸው፤ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው መስጊድ ደጃፍ ድረስ ሄደው የነገሯቸውም እሳቸው ናቸው።

አያቴ ከዙሁር ሰላት በኋላ መጡ። ምግብ ቤቱ በሾፌሮች ተሞልቷል፤ ሙጂብም ጥግ ላይ ምሳውን ይበላል። አያቴ አልተቀመጡም። «ሂንድ፣ አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ፊደሉን እኔ ነኝ ያስቀራሁሽ።»

«እርስዎ ነዎት።»

ሙጂብ እጁን ጠርጎ ተነሳ። «አባባ፣ አይቆጡ። ታማለች፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጂኑ እንዲለቃት ሩቅያ ይቀራባት። ነጅሚያ እስክትሄድ ድረስ እንኳ ዘመድ ቤት ብትቆይ፣ ልጅቷንም እያስፈራራቻት ነው።»

የወደድኩት ሰው ስለተናገረ ደስ አለኝ። እኔም ልረዳው ፈልጌ «ድሮ ደህና ነበረች፣ አባባ! ሪያድ ሆና ብስኩት ትልክልኝ ነበር» አልኩ።

ሂንድ ወደ እኔ ዞረች። «የምን ብስኩት?»

«በአያ ሙጂብ የምትልኪው። ከሰላምታ ጋር።»

እናቴ ትሪ እንደያዘች ሙጂብን አየችው። ሙጂብ «ልጅቷን ደስ እንዲላት ብዬ ነው» አለና ተቀመጠ። እኔ ጥፋት ያጠፋሁ መስሎኝ ከጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የበላሁት ከወልድያ ሱቅ የተገዛ ብስኩት እንደሆነ፣ «ደህና ናት» የሚለውም ወሬ ከዚያው ሱቅ የመጣ እንደሆነ ያን ዕለት ከእኔ በቀር ሁሉም ገብቶታል።

«እናገራለሁ» አለች ሂንድ። «ያስተማሩኝን ረስቼ አይደለም፣ አባባ። ሪያድ የገባሁ ጊዜ የወተት ካርቶን መጣል አቅቶኝ አልጋዬ ሥር እደረድር ነበር። ጽሑፍ አለበታ! ሴትዮዋ አገኘችውና ቆሻሻ አጠራቅመሽ ብላ በጫማ መታችኝ። እሺ፣ ካርቶኑን ተውኩት። ከቤት የምወጣው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነው፤ መጣያው ኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ እሷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እዚያ ጫፍ ላይ ግን ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን የማላውቀው አንድ ጽሑፍ ነበር። አረንጓዴ ነው፤ እንደ ወልይ መቃብር ጨርቅ። ሌት ተቀን ይበራል። ሌት ተቀን የሚበራ ጽሑፍ ዱዓ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እጄን አስነካውና እስመው ነበር። ያ ረቢ፣ ከዚህ ቤት አውጣኝ እያልኩ። ሁለት ዓመት!»

አንድ ሾፌር «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንድ ቀን የሆነ ቤት ምግብ አርሮ ደወል ጮኸ። የሕንፃው ሰው ሁሉ፣ ጌታውም ገረዱም ሕፃኑም፣ በዚያ ጽሑፍ ሥር ግር ብሎ ወጣ። ለካ በር ኖሯል። ከበሩ ኋላ ደረጃ ኖሯል። ጽሑፉ መውጫ ነው የሚለው፣ አባባ። መኽረጅ! ሁለት ዓመት ሙሉ መውጫዬን እየሳምኩ መውጫ አጣሁ። በማግስቱ ቆሻሻውን ይዤ ወጣሁና በዚያው ወረድኩ፤ ቆሻሻውን እንኳ አልጣልኩትም፣ ታች ድረስ ይዤው ነበር። ኋላ በገባሁበት መጠለያ የነበሩት ሴቶች ናቸው ታፔላ ማንበብ ያስተማሩኝ። አሁን ነጅሚያ ትሳመው ወይስ ታንብበው? ይፍረዱ!»

ሾፌሮቹ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የማያቸው የአያቴን እግሮች ብቻ ነው፤ ወደ ሂንድ አንድ እርምጃ ተራምደው ቆሙ። ተቆጥተው መሰለኝ። ሽማግሌ ሰው ልጁ ሁለት ዓመት ስትለምን እንዳልሰማት ሲያውቅ መሄጃው እንደሚጠፋው አላውቅም ነበር።

«መኽረጅ» አሉ ኋላ። «ይህን ቃል ከቁርኣን ስቀራው፣ ሳስቀራው ነው የሸበትኩት። ለባሪያው ከጀሊሉ ከአላህ የሚሰጥ መውጫ ነው ብዬ እንጂ፣ ሰው በር ላይ የሚጽፈው አይመስለኝም ነበር።»

ከዚያ ወጡና የጋቢያቸውን ጫፍ በውኃ ነክረው የሽንት ቤቱን በር በራሳቸው እጅ ጠረጉት።

«እዚያ አገር እንደዚያ ነው የተጻፈው» አለች ሂንድ ከኋላቸው።

«እዚያ አገር እንደፈለጉ ይጻፉ። ይሄ የእኔ ግቢ ነው።»

«ልጅቷ ካላየችው አታውቀውም።»

«አታየውም አላልኩሽም» አሉ አያቴ። «እዚህ ግን አታየውም።»

በማግስቱ ሉሃቸውን ይዘው መጡ፤ ራሳቸው በልጅነታቸው የቀሩበትን፣ እጀታው ከመያዝ ብዛት የጠቆረውን የእንጨት ሰሌዳ። ለሂንድ ሰጧትና «ጻፊላት» አሉ። እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ሉሁ እንዳይሰበር የፈራች መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትምህርት በዚያ ሉህ ላይ ነው። አሳንሰር፣ ፖሊስ፣ መድኃኒት ቤት፣ ኤምባሲ፣ አደገኛ ኤሌክትሪክ፤ ሽንት ቤቱም ሳይቀር። የሉህ ቀለም ሲታጠብ ውኃው እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። አያቴ እዚህ ላይ ንቅንቅ አላሉም፤ ሂንድ «አባባ፣ የአሳንሰር ውኃ እኮ ነው!» ብትል አልሰሟትም። ከግቢው ጀርባ ያለችው ወይራ ሥር ያስደፏት ነበር። ያቺ ወይራ ያን በጋ ፖሊስ ጣቢያና ሐማም ስትጠጣ ከረመች።

እኔም እየሰረቅኩ ተማርኩ። ከሁሉ የወደድኩት «መምኑዕ አድዱኹል» የሚለውን ነው፤ ሲጠራ ግርማ አለው። የሂንድ ጂን በክፍቱ በር እንዳይመጣ እያልኩ ከመተኛቴ በፊት ወደ አራቱም አቅጣጫ እደግመው ነበር። ዶሃ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ላይ የጄኔሬተሩ ክፍል በር ላይ ተጽፎ አገኘሁት። መግባት ክልክል ነው ይላል። ብቻዬን ሳቅኩ። ያም ሆኖ ጂኑ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ሙጂብ እኩለ ቀን ላይ ሚኒባስ ይዞ መጣ፤ ውስጡ አራት ሴቶች ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ተቀምጠዋል። ረዳቱ የነጅሚያን ሻንጣ ጣሪያው ላይ ጭኖ በገመድ አሰረው። እናቴ የበሶ ቋጠሮ ይዛለች። አያቴ ዱዓ አደረጉ። ሂንድ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ የምታስተምረውን አስተምራ ጨርሳለች፤ ከዚህ በኋላ የእሷ ፈንታ አልነበረም።

ነጅሚያ አንድ እግሯን ወደ መኪናው አነሳችና መለሰችው። «አያ ሙጂብ፣ ፓስፖርቴን ስጠኝ።»

«ኤርፖርት ስንደርስ።»

«አሁን ስጠኝ።»

«የሁሉም እኔ ጋ ነው። እኔ እይዝላችኋለሁ።»

«እዚያ ስደርስስ ማን ነው የሚይዝልኝ?»

ሙጂብ ሳቀ። «አሠሪሽ ታስቀምጥልሻለቻ! ምን ያደርግልሻል? የት ልትሄጂበት ነው?»

ነጅሚያ ሂንድን ዞራ አላየችም። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላየቻትም። «የት እንደምሄድበት እኔ አውቃለሁ» አለች። «እላዩ ላይ ያለው የእኔ ፊት ነው፤ እኔው እይዘዋለሁ። ካልሰጠኸኝ አልሳፈርም።»

«ልጅ አትሁኚ፣ ግቢ!» አለና ክንዷን ያዘ። ሲይዛት ግን ዓይኑ ወደ እናቴ ሄደ።

እናቴ ሳይከፍል ሊሄድ ያሰበን ሾፌር ከወንበሩ ሳይነሳ በዓይኑ የምትለይ ሴት ናት። የበሶውን ቋጠሮ መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀሚሷን ሰብስባ በሚኒባሱ ኋላ መሰላል ወጣች። ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። እትዬ አልጣሽ «ኧረ በስመአብ!» አሉ። ገመዱ አልፈታ ሲላት በጥርሷ ፈታችው፤ ሻንጣውን ገፍታ ለሂንድ ጣለችላት።

«የነጅሚያ እናት!» ጮኸ ሙጂብ። «በሰው ፊት ስሜን ልታጠፊው ነው?»

«ብስኩት ትገዛበት የነበረውን ስም ነው?» አለች እናቴ ከላይ። «ይጥፋ!»

እኔ አለቀስኩ። እናቴም አብዳለች፤ ሂንድ ጂኗን አጋብታባታለች፤ አንድ በአንድ ልንያዝ ነው ብዬ። አያቴን ቀና ብዬ ባያቸው እሳቸውም ፈገግ ብለዋል፤ ይብሱን ጮኬ አለቀስኩ።

እናቴ ወረደች። አቧራዋን አራገፈች፤ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ «ምሳ ደርሷል፤ ግባና ብላ» አለችው። «ከእኔ ቤት ደጃፍ ሰው ሳይበላ አይሄድም። ልጄ ግን አትሄድም። ሴቶቹንም አውርዳቸው፤ መንገደኛ ናቸው።»

ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩት ነው። እምቢ ብሎ ቢሄድ ሸሸ ሊባል፤ ገባ። እጁን ያስታጠበችው ነጅሚያ ናት፤ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ውኃውን ሳታፈስ። አራቱ ሴቶች በአንድ ትሪ ከበቡ፤ ሂንድ አጠገባቸው ተቀምጣ እንጀራ ትጨምርላቸዋለች። እኔ ግን፣ እናቴና ሙጂብ የታረቁ መስሎኝ እንባዬን ጠረግኩ።

ከብልባላ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። የጎረሰችውን እስክትውጥ ጠበቀች፤ እጇን ትሪው ጠርዝ ላይ አሳረፈች፤ ሙጂብን አየችው።

«አያ ሙጂብ» አለች፣ «የኔስ ፓስፖርት የታለ?»